የፀሐይ መርዶ ነጋሪ

ልዑልቃል በጠዋት የሰው በር ማንኳኳት ካቆመ ቆይቷል። ያቆመው ወዶ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ማለዳ የጣሪያው ቆርቆሮ ተነስቶበት መሰላል ሊዋስ እትዬ ጀማነሽ ደጃፍ ቆመና ቀስ አድርጎ አንኳኳ። እትዬ ጀማነሽ በሩን ከፈቱ፤ አዩት፤ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና «ማን ነው? ወንድሜ ነው አይደል? ንገረኝ እንጂ!» ብለው ጮኹ። እሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት የግራና የቀኝ ጎረቤቶች በሮች ተከፈቱ። አንዲት ሴት ሮጣ መጥታ እትዬ ጀማነሽን ከኋላ ደገፈቻቸው። አንድ ሰውዬ ደግሞ የእድሩን ድንኳን ሊያወጣ ወደ ዕቃ ቤቱ ገሰገሰ።

«መሰላል ነው የፈለግኩት፣ እትዬ! መሰላል!»

እትዬ ጀማነሽ ለቅሶውን መሃል ላይ ገቱት። «መሰላል?»

«አዎ፣ ቆርቆሮው ተነስቶ...»

«አንተ ሰው፣ ልቤን ልታቆመው ነው? ውሰደው መሰላሉን! አትመልሰው! ብቻ ሁለተኛ በዚህ ሰዓት ፊትህን እንዳላይ።»

በቂርቆስ፣ በዚያ ሰፈር፣ ልዑልቃል መርዶ ነጋሪ ነው። ሥራውን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ ሲያርፉ የእድሩ ሰዎች ተሰብስበው «ድምፁ የአባቱ ነው፣ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል» ብለው በእሱ ላይ ጣሉት። ገና ወጣት ነበር፤ እምቢ ለማለት እንኳ የሚሆን ሻካራ ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ከእሱ አፍ ሰምቶ ራሱን የሳተ ሰው የለም ይባላል።

መርዶ ደግሞ የራሱ አካሄድ አለው። ሰው የዘመዱን ሞት በስልክ አይሰማም፤ ሥራ ቦታ ሄደውም አይነግሩትም። ወሬው ሲደርስ መጀመሪያ ይደበቃል። ቅርብ ዘመዶች ይጠራሉ፣ ጎረቤት ይዘጋጃል፣ ሊነጋጋ ሲል ሰዎቹ በሩ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ነገሩ እንደ ትኩስ ሾርባ በማንኪያ በማንኪያ ይቀርባል። «ትንሽ አሟቸው ነበር።» ይጠበቃል። «ሐኪም ቤት ገብተው ነበር።» ይጠበቃል። «ከበድ ብሏቸው ነበር።» ልዑልቃል ከአንዱ ማንኪያ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚቆይባትን ዝምታ የሚያውቁ ሽማግሌዎች «እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው የሰጠው!» ይላሉ።

ከሰፈሩ ወጥቶ ካዛንቺስ ሲደርስ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። አንድ መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አዲስ በሰፋው መንገድ በኩል በሚያይ ክፍል ውስጥ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይን ይጠብቃል። የሚጠብቃት ቀና ብሎ እያየ አይደለም፤ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ፀሐይ ሠርቶ ነው። ሰዎች «የአየር ትንበያ ነው የምትሠራው?» ሲሉት «አዎ፣ የህዋ አየር» ይላል።

«እዚያ ደግሞ ምን አየር አለ? ይዘንባል?»

«ይዘንባል እንጂ! ፕሮቶን ይዘንባል!» ይልና ወንበር ይስባል። ከዚህ በኋላ ጠያቂው ቶሎ አይለቀቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ላይ አንዳንድ ጊዜ ትልቅ ፍንዳታ ይነሳል። የፍንዳታው ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከብርሃኑ ኋላ ፕሮቶን የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች እየጋለቡ ይመጣሉ፤ ፈጣኖቹ ሰዓት ሳይሞላ፣ ቀርፋፎቹ ዘግይተው። ከሁሉም ኋላ፣ ከቀን በላይ ቆይቶ፣ ከፀሐይ የተወረወረው ትልቁ ደመና ይደርሳል። እኛ መሬት ላይ ያለነው አየሩ እንደ ጣሪያ፣ የምድር መግነጢስ እንደ አጥር ይከልሉናል። ሳተላይት ግን ጣሪያ የላትም። በዋልታዎቹ ላይ ስታልፍ ደግሞ አጥሩም ይሳሳል። አንድ ፕሮቶን ገላዋን በስቶ ይገባና በኮምፒውተሯ ማህደረ ትውስታ ላይ ዜሮ የነበረውን አንድ ያደርገዋል። ወደ ግራ ዙሪ የተባለችው ሳተላይት ትእዛዙን አዛብታ አንብባ ወደ ቀኝ ልትዞር ትችላለች። አስቀድሞ ያወቀ ሰው ካሜራዋን አጥፍቶ፣ ጀርባዋን አዙሮ፣ ያስተኛታል። ያላወቀ ደግሞ በማግስቱ ያለቅሳል።

«ታዲያ ፍንዳታ ባያችሁ ቁጥር ማስተኛት ነዋ!» ይላል ብልጥ ጠያቂ። ልዑልቃል የሚወደው ይህን ጥያቄ ነው። ወንበሩን ይበልጥ ያስጠጋል። ፕሮቶን በፈለገበት አይሄድም፤ የመግነጢስ መስመር ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ልክ የከተማው ባቡር ሐዲዱን እንደሚከተል። ከስታዲየም ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ባቡር አያት ላይ የቆመን ሰው ሊገጭ አይችልም። ፀሐይ ደግሞ ስለምትሽከረከር ሐዲዶቿ ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ እየዞረ ውሃ እንደሚረጭ የአትክልት ቧንቧ ተጠማዝዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ከፀሐይ ፊት መሃል ፍንጥር ብሎ የወጣው ያልፈናል፤ በቀኝ ጠርዟ በኩል የተነሳው ግን ተጠማዝዞ እኛ በር ላይ ይደርሳል። የልዑልቃል ሲሙሌሽን የሚሠራው ይህን ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ሐዲዶቹን ይዘረጋል፣ እልፍ አእላፍ የውሸት ፕሮቶኖች ይለቃል፣ ከዚያ ስንቱ የትኛዋን ሳተላይት እንደሚመታ ይቆጥራል። እሱ ስለዚህ ሲያወራ እጆቹም አብረው ያወራሉ፤ የጠረጴዛ ብርጭቆ ከአጠገቡ ይነሳል።

ታዲያ ይህ ሁሉ በሙከራ ላይ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የሳተላይት ተቆጣጣሪዎችን የሚያስጠነቅቅ ቋሚ ክፍል ሊያቋቁም አስቦ፣ አንድ ኮሚቴ እንዲፈትን አዘዘ። ፈተናውን ካለፈ የልዑልቃል ፀሐይ ቋሚ ቤት ታገኛለች። ካላለፈ ኮምፒውተሮቹ ለዝናብ ክፍል ይሰጣሉ፤ ልዑልቃልም አብሯቸው ይሄዳል። ዝናብን አይጠላም። ግን ለዓመታት ያሳደጋትን፣ ጠባይ ያስለመዳትን ፀሐይ አጥፍቶ የደመና ካርታ ማቅለም ሲያስበው ምሳውን አቋርጦ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለስ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ቀን ኮሚቴው ግድግዳው ላይ አንዲት የውሸት ሳተላይት አሳየና የውሸት ፍንዳታ ለቀቀ። የልዑልቃል ሲሙሌሽን አንድም ነገር አላጓደለም፤ መቼ እንደሚደርስ፣ ምን ያህል እንደሚከፋ ወዲያው አወጣ። የቀረው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጣቢያ ለተቀመጠው ተቆጣጣሪ ለሃድጉ ደውሎ መናገር ብቻ ነበር። ስልኩ ሁሉም እንዲሰማው ክፍት ተደረገ።

«ሄሎ፣ ሃድጉ? እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! አንተስ እንዴት አደርክ?»

«ይመስገን። ልጆቹ ደህና ናቸው? ባለቤትህስ?»

«ሁሉም ደህና። ምነው፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው፣ በሰላም ነው። ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ጎሽ። ቁጭ ብለሃል?»

«ቁጭ ብያለሁ።»

«ጎሽ። እንግዲህ...» ልዑልቃል ያችን የታወቀች ዝምታውን ዝም አለ። ኮሚቴው ሰዓቱን አየ። «ፀሐይዋን ጠዋት ትንሽ እንደ መረበሽ አድርጓት ነበር።»

«ውይ! አሁንስ?»

«አሁን ከበድ ብሏታል ይላሉ። እኛም እየተከታተልናት ነው።»

«እሱ ፈጣሪ ያውቃል።»

«እሱ ያውቃል።»

«በል እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ እየደወልክ ስትጠይቀኝ ደስ ይለኛል» አለና ሃድጉ ስልኩን ዘጋው።

ግድግዳው ላይ ያለችው ሳተላይት ቀይ ሆነች፣ ብልጭ ብልጭ አለችና ጠፋች።

የልዑልቃል አለቃ ኢንጂነር አምሳለ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። ኢንጂነር አምሳለ ጠዋት ሲገቡ «ውጤቱስ?» ብለው የሚገቡ፣ ማታ ሲወጡ ምንም ሳይሉ የሚወጡ ሴት ናቸው። ቀና ሲሉ «ልዑልቃል» አሉ፤ «ሳተላይቷ ሞተች።»

«ኧረ ኢንጂነር፣ እንደሱ በአንዴ አይባልም!» አለ ልዑልቃል ሳያስበው።

ኮሚቴው ሳቀ። ሰብሳቢው ዶክተር ኦልጅራ ግን መነጽራቸውን ጠርገው «ስሌቱ ግሩም ነው። ግን ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ የተጠነቀቀ ሰው የለም» አሉ። «አንድ ጊዜ ይደገማል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ክፍል ነው።»

በማግስቱ የክፍሉ ፕሮግራመር ቢሊሴ ልታሠለጥነው ተነሳች። እሷ ሃድጉን ሆነች፣ ስልኩን በእጇ ያዘች።

«ልዑሌ፣ በቃ ሲምፕል ነው። ‹ሃድጉ፣ አጥፋ።› ሁለት ቃል። ቀጥል።»

«ሃድጉ...»

«ጎበዝ!»

«...እንዴት...»

ቢሊሴ የሻይ ብርጭቆዋን በእስክሪብቶ መታች። «እንዴት የሚባል የለም! ማለቴ ሰውየውን ልትጠይቀው አይደለም የደወልከው።»

«አጥፋ ማለት እኮ ቁጣ ይመስላል።»

«ቁጣ አይደለም፣ ኮማንድ ነው!»

«በኮማንድማ ሰው ያስቀይማል።»

ብቻውን ሊለማመድ ወሰነ። ከሥራ ሲወጣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ወዳለው የጁስ ቤት ጎራ አለና፣ የሚያውቀውን ፈየራን ቀና ብሎ ሳያየው «አቮካዶ» አለ።

ፈየራ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ልዑልቃል፣ ተጣልተናል እንዴ?»

«አይ፣ አልተጣላንም፤ አቮካዶ ፈልጌ ነው።»

«ሰው እንዲህ ገብቶ አቮካዶ አይልም። ሰው አወራብኝ? ንገረኝ፣ ማን ነው?» ልዑልቃል ያን ቀን ጁሱን ጠጥቶ ሳይሆን ይቅርታ ጠይቆ ጠይቆ፣ የፈየራን የአክስት ልጆች ሳይቀር በየስማቸው ጠይቆ ወጣ።

ፈተናው ሊደገም ሲቃረብ የእድሩ ዳኛ ጋሽ አስመላሽ ደወሉለት። አቶ ደጋጋ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሹፌር ታላቅ ወንድማቸው አገር ቤት አርፈውባቸዋል። አቶ ደጋጋ የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ ቤታቸው ለመንገድ ሲፈርስ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄዱ እንጂ ከእድሩ አልወጡም። ጎህ ሲቀድ ልዑልቃል፣ ጋሽ አስመላሽና ሌሎች ሽማግሌዎች ከለገሃር ሚኒባስ ተሳፍረው ሄዱ። ልዑልቃል በመንገድ ላይ ስለ ዝናብ ክፍል ያስብ ነበር።

አንኳኩ። አቶ ደጋጋ በቢጃማ በሩን ከፈቱ። ልዑልቃልን አዩት። ሽማግሌዎቹን አዩ። ዞረው ገቡና የሻይ ውሃ የተጣደበትን ምድጃ አጠፉ። ማንቆርቆሪያውን አነሱት። የግፊት መድኃኒታቸውን ከመደርደሪያ አውርደው ዋጡ። ልጃቸውን «ነይ እዚህ አጠገቤ ሁኚ» አሉና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ብቻ «እሺ። ግቡ» አሉ።

ልዑልቃል በማንኪያ በማንኪያ ነገራቸው። አቶ ደጋጋ የእያንዳንዷን ማንኪያ መጨረሻ እንደሚያውቁ ፊታቸው ይናገራል፤ ግን አላቋረጡትም። የመጨረሻዋ ስትመጣ ልጃቸው ትከሻ ላይ ተደፍተው አለቀሱ፤ ሽማግሌዎቹም ግራና ቀኝ ሆነው ያዟቸው። ልዑልቃልም ከልቡ አዘነ። ሲያጽናናቸው ቆይቶ፣ ጎረቤት ሞልቶ ድንኳን ሊተከል ሲል ለሥራ ተሰናብቶ ከጋሽ አስመላሽ ጋር ተመለሰ።

ሚኒባሱ ውስጥ ግማሽ መንገድ ከተጓዘ በኋላ ድንገት ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ጋሽ አስመላሽ! ምድጃውን እኮ አጠፉ!»

«ታዲያ ቤቱ ይቃጠል?» አሉ ጋሽ አስመላሽ።

«አንድ ቃል ሳንናገር እኮ ነው ያጠፉት! መድኃኒታቸውንም ዋጡ! ተቀመጡም!»

«ቀስ በል ልጄ፣ ሰው እያየህ ነው።» ከፊት የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ «ሐዘኑ ነው፤ እግዜር ያጽናህ» አለችው።

ልዑልቃል ግን እየተጽናና አልነበረም፤ ነገሩን እያሰላ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት መርዶ ማለት የእሱ ለስላሳ ቃል ይመስለው ነበር። ለካስ ዋናው ነገር የሚነገረው በበሩ ነው! በማለዳ የቆመ ሰው ሲታይ የቤቱ ባለቤት ሁሉን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማንኪያ ጊዜ ለመስጠት ነው፤ ምድጃ ለማጥፋት፣ ለመቀመጥ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ለማድረግ። ፀሐይም እኮ እንዲሁ ነች! ብርሃኑ ማንኳኳት ነው። ፈጣኖቹ ፕሮቶኖች የመጀመሪያው ማንኪያ ናቸው። ደመናው የመጨረሻው ነው። በየመሃሉ የሚሠራ ሥራ አለ። የእሱ ጥፋት በስልክ በር እንደሌለ መርሳቱ ነው። ማንኪያውን ይዞ ሳያንኳኳ ገብቶ ነበር።

ቢሮ ሲደርስ ማስጠንቀቂያውን እንደ አዲስ ጻፈው። በአንደኛው ደረጃ ካሜራ ይጠፋል፤ በሁለተኛው ሳተላይቷ ጀርባዋን ትሰጣለች፤ በሦስተኛው ትተኛለች። ሲሙሌሽኑም ከአንዱ ደረጃ እስከ ሌላው ምን ያህል ጊዜ እንዳለ እንዲናገር አደረገው። ኢንጂነር አምሳለ አነበቡትና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ጥሩ ነው። ላዩ ላይ ያለችው ‹እንዴት አደርክ› ትውጣ።»

«ትውጣ?»

«ትውጣ።»

ልዑልቃል እንደ ጥርስ ነቀላት።

ሁለተኛው ፈተና ሲጀመር ኮሚቴው ከበፊቱ የባሰ ፍንዳታ ለቀቀ። ስክሪኑ በብርሃን ተሞላ። ቢሊሴ «ወይኔ!» አለች። ኢንጂነር አምሳለ ስልኩን ወደ ልዑልቃል ገፉለት። እሱ ግን አልነካውም። ፍንዳታው የተነሳው ከፀሐይ ፊት በግራ ጠርዝ ነበር። ሐዲዶቹን ዘረጋ፣ የውሸት ፕሮቶኖቹን ለቀቀ፣ ጠበቀ። ሁሉም ተጠማዝዘው ባዶ ህዋ ውስጥ ነጎዱ። እኛ በር ላይ የደረሰ ኢምንት ነው። ያን ጊዜ ስልኩን አነሳና ሃድጉን ደህና አደርክ ወይ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል እያለ ጠይቆ ጠይቆ፣ «ዛሬ ፀሐይዋ ብትጮህም ወደኛ አይደለም» አለው። ዶክተር ኦልጅራ በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ፍንዳታው ሆን ተብሎ የቀረበ ማታለያ ነበርና።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ፍንዳታ መጣ። ከመጀመሪያው በእጅጉ ያንሳል፤ የቀኝ ጠርዟ ላይ የታየች ትንሽ ብልጭታ ናት። ሲሙሌሽኑ ግን አንገቱን ቀና እንዳደረገ ውሻ ነቃ። ሐዲዱ ቀጥታ እኛ ጋ ይመጣል። ልዑልቃል ስልኩን አነሳ። ደወለ።

«ሄሎ፣ ልዑልቃል! እንደገና...»

«ሃድጉ። አንደኛ ደረጃ። ካሜራውን አጥፋ።»

ልዑልቃል «እንዴት ነህ» ጉሮሮው ላይ ቆማ እየታገለችው በእጁ አፉን ያዘ።

«ልዑልቃል?» አለ ሃድጉ በቀጠነ ድምፅ።

ወንበር ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ የሩጫ ድምፅ፣ ከዚያ የቁልፎች ቀጭ ቀጭታ። ግድግዳው ላይ ያለችው ሳተላይት ካሜራዋን ዘጋች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ ተኛች፤ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ። የውሸቱ ማዕበል መጥቶ ላይዋ ላይ ሲያልፍ አልነቃችም። ሲያበቃ አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች።

ዶክተር ኦልጅራ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «አቶ ሃድጉ፣ የተነገረዎት አንደኛ ደረጃ ነው። ለምን ሦስቱንም በአንዴ ፈጸሙ?»

«ጌታዬ» አለ ሃድጉ እያለከለከ፣ «ይህ ሰው ከተዋወቅን ጀምሮ ሰላም ሳይለኝ አውርቶ አያውቅም። ካሜራ ምን ሊረባኝ ነው? ዓለም ያለቀች መሰለኝ።»

ኮሚቴው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ተነጋገረ። ዶክተር ኦልጅራ ተመልሰው ሲቀመጡ «ክፍሉ ቋሚ ይሆናል» አሉ። ቢሊሴ ጮኸች። «አንድ ነገር ግን አለ። ይህ የሚሠራው በሰላም ቀን ሰላምታ ካለ ነው። ፀሐይዋ ጸጥ ባለች ቁጥር፣ በየጠዋቱ፣ ተደውሎ ሙሉ ሰላምታ ይሰጥ። በአሠራሩ ውስጥ ይግባ።»

ኢንጂነር አምሳለ «ሙሉ ማለት?» አሉ።

«ሙሉ ነዋ» አሉ ዶክተር ኦልጅራ።

አሠራሩ ጸደቀ፤ ልዑልቃልም በደስታ ሲፈጽመው ሰነበተ። ክረምቱ ሲገባ ግን ጉንፋን ይዞት ድምፁ ጭራሽ ተዘጋ። ያን ጠዋት ፀሐይ እንደ ሕፃን ጸጥ ብላለች። መደወል የኢንጂነር አምሳለ ተራ ሆነ። ቆመው እንዳሉ ደወሉ።

«ሃድጉ፣ ሁሉም ሰላም ነው» አሉና ዘጉት።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። «ኢንጂነር! ሳተላይቷን አስተኝቻታለሁ! ስንተኛ ደረጃ ነው?»

«ሰላም ነው አልኩህ እኮ!»

«እንዴት ሰላም ይሆናል? ሰላም እንኳን አላሉኝም!»

ኢንጂነር አምሳለ ወደ ልዑልቃል ዞሩ። ልዑልቃል መናገር ስላልቻለ ሁለት ጣቶቹን ግንባሩ ላይ ቀስሮ ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ አወዛወዘ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሰይጣን?» አሉ በሹክሹክታ።

ልዑልቃል በአራት እግሩ ሊሆን ሲያጎነብስ ቢሊሴ ገባት። «ላም! ላም አለችው! ልትወልድ ነበር!»

ኢንጂነር አምሳለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እ... ሃድጉ። እንዴት አደርክ? ላሚቱ... እንዴት ሆነች?»

«ወለደች እኮ! ግን እንዴት መከራዋን እንዳየች ቢያዩ ኢንጂነር! ማክሰኞ ምጡ ሲጀምራት...»

ታሪኩ ረጅም ነበር። ኢንጂነር አምሳለ ሰዓታቸውን አዩ፤ ልዑልቃልን አዩ፤ እሱ በእጁ ቀጥሉ፣ ቀጥሉ አላቸው። ስክሪኑ ላይ ሳተላይቷ ቀስ ብላ ዞረች፤ ካሜራዋን ከፈተች። ኢንጂነር አምሳለ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ።

«ጥጃዋን ማን አላችኋት?» አሉ።